የከዚራ በርጫ ሆይ፣ ሥልጣንህ ይስፋ

የኢትዮጵያ መንግሥት በዜግነት ጉዳይ ያለበትን መከራ ለሚያውቅ ሰው፣ በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ያለው በርጫ፣ ያ የጫት መቃሚያ ጉባኤ፣ እስከ ዛሬ ሳይመሰገን መቅረቱ ግፍ ነው። ምስኪኑ መንግሥት እጁ ታስሯል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 33 ማንም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን እንደማይገፈፍ ደንግጎበታል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ደግሞ ሰው ዜግነቱን የሚያጣው ራሱ ሲተወው ወይም በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ሲይዝ እንጂ በባለሥልጣን ውሳኔ እንዳልሆነ ጽፎ መውጫውን ዘግቶበታል።

በርጫ ግን እንዲህ ያለ እንቅፋት አያውቅም። አሥር ሰዓት ገደማ ምርቃናው ሲያዝ፣ ፍራሹ ላይ ጋደም ያሉት ዳኞቻችን የጫቱን ትርፍራፊ፣ ገረባውን፣ ወደ ጥግ ገፋ አድርገው የቀኑን መዝገብ ይከፍታሉ፤ ተከሳሽ አይጠራም፣ ይግባኝም የለም። «እሱ ደግሞ ኢትዮጵያዊ ነው እንዴ?» ከተባለ ሰውየው አገር አልባ ሆኗል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 6 ከእናት ወይም ከአባት አንዳቸው ኢትዮጵያዊ ቢሆኑ ይበቃል ሲል፣ የኛ ዳኞች እስከ ቅድመ አያት ወርደው ይመረምራሉ፤ ይህንንም የሚያደርጉት በ1895 ዓ.ም. ባቡር ሲደርስ በተቆረቆረች፣ የሐረሩም የጅቡቲውም የየመኑም የግሪኩም ልጅ በአንድ ሰፈር ባደገባት ከተማ ነው፤ እንዲህ ያለ ድፍረት በዋዛ አይገኝም።

ፍጥነቱንም ሳላነሳ አላልፍም። መንግሥት በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በተነሳው ጦርነት ብዙ ሺህ ሰው ከአገር ሲያስወጣ፣ ለዚያ ሥራ ጦርነትና አውቶቡስ አስፈልጎታል፤ ያም ሆኖ በሔግ የተሰየመው የኢትዮጵያና የኤርትራ የይገባኛል ኮሚሽን በ1997 ዓ.ም. የአንዳንዶቹን ዜግነት መነጠቅ የዘፈቀደ ነው ብሎ ፈርዶበታል። በርጫ ግን ሁለት ዙርባ ጫት ይበቃዋል፤ የሚከሰውም የለም።

ምሕረቱም የዚያኑ ያህል ሰፊ ነው። ትናንት የውጭ ፓስፖርት ያዘ ተብሎ የተሰረዘ ልጅ በሩጫ ሜዳሊያ ካገኘ፣ በአዋጁ መሠረት ዜግነቱን መልሶ ለመጠየቅ ማመልከቻ ሳያስገባ «የኛ ልጅ!» ተብሎ ይመለሳል። የቀበሌ መታወቂያ በኪሱ ይዞ የኖረው የሳቢያን ሰፈሩ ጎረቤት ግን በአንድ የፖለቲካ አስተያየት ተነጥቆ ቀርቷል፤ ሩጫ አለመቻሉ የራሱ ጥፋት ነው።

ባለፈው አንድ የሕግ ተማሪ አንቀጽ 33ን ጠቅሶ ሊከራከር ሞክሮ ነበር። «አቦ ተወና!» አሉት ከዳኞቹ አንዱ ጋሼ፣ ወገባቸውን ትራሱ ላይ እያመቻቹ፤ የእሱም ዜግነት በሙሉ ድምፅ ተነሳ። ከዚያም ለውዝና ለስላሳ እንዲገዛ ተላከ፤ ለመላላክ ኢትዮጵያዊ መሆን ግዴታ አይደለምና።