በወረቀቱ ከሄድን አያቴ በ10 ዓመታቸው ወልደዋል

የቤተሰቤን ታሪክ በሥርዓት ጽፌ ለልጆች ለማስቀመጥ ከተነሣሁ ወዲህ እንደ ዕድሜ ጉዳይ ያንገበገበኝ ነገር የለም። የሚያበሳጨኝ የቀድሞ ሰዎች የልደት ቀን በጽሑፍ አለማኖራቸው አይደለም፤ ያወቁትን በደንብ አውቀውታል። የሚያበሳጨኝ እኛ ፊደል ቆጠርን የምንል ሰዎች የእነርሱን ቃል ወደ ጎን ትተን፣ አንድ ጸሐፊ ፊት አይቶ በግምት የሞላውን ቁጥር እንደ ወንጌል መያዛችን ነው።

አያቴ በዘመነ ማርቆስ፣ በጥቅምት ሚካኤል እንደተወለዱ ከእናታቸው ሰምተው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲናገሩ ኖረዋል። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲገባ በእንስራ ውሃ ይቀዱ እንደነበርም ይተርኩ ነበር። ይህ ልብ ብሎ ለሚያዳምጥ ሰው ቀላል ማስረጃ አይደለም። ዘመነ ማርቆስ በየ4 ዓመቱ ስለሚመለስ፣ ከወረራው ወደ ኋላ ስንቆጥር የምናገኛቸው ዓመታት 1926፣ 1922፣ 1918 እና 1914 ናቸው። የ2 ዓመት ሕፃን እንስራ አያዝልም፤ የ6 ዓመት ልጅም ከነእንስራው ይወድቃል። ወደ 1914 እንዳንሸሽ ደግሞ አያቴ የተዳሩት ጣሊያን በወጣበት በ1933 ዓ.ም. ነው፤ በዚያ ዘመን የገጠር ልጃገረድ እስከ 19 ዓመቷ ሳትዳር መቆየቷ የማይመስል ነገር ነው። ስለዚህ 1918 ሚዛን ይደፋል፤ ቀኑም ጥቅምት 12 ነው። ከዚህ የተሻለ መዝገብ ከየት ይመጣል?

የቀበሌ መታወቂያቸው ግን ሌላ ነው የሚለው። መጀመሪያ ሲወጣ 60 ዓመት ተብለው ተጻፉ፤ ከዓመታት በኋላ ሲታደስም ያው 60 ነበሩ። በ0 እና በ5 የሚያልቅ ዕድሜ ለጻፊውም ለተናጋሪውም ይቀላል፤ እንደነዚህ ባሉ ወረቀቶች ላይ 63 ዓመት የሞላው ሽማግሌ እምብዛም አይገኝም። ሲሞቱ ደግሞ ለክብር ሲባል ሌላ ጭማሪ ተደረገላቸውና በሐውልታቸው ላይ 100 ዓመት ተቀረጸ።

ከሁሉ የከፋው ውጭ አገር የኖሩት አጎቴ ጉዳይ ነው። በ1936 ዓ.ም. መወለዳቸውን ተናገሩ፤ መዝጋቢው የዘመን አቆጣጠሩን ሳይመልስ 1936ን እንዳለ በፈረንጅ አስገባው፤ ወርና ቀን ስላልተገኘም እንደ ብዙዎቹ ስደተኞች ጃንዋሪ 1 ተባሉ። ይህ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 1928 ነው። አያቴ ያኔ 10 ዓመታቸው ነበር! በአንድ የብዕር ጭረት ልጅ 8 ዓመት አረጀ፤ እናትም እንስራ ተሸክማ በምትሮጥበት ዕድሜዋ አራስ ሆነች።

የልደት ምስክር ወረቀት አለ ብሎ የሚከራከረኝ ዘመድም አይጠፋም። በአገር አቀፍ ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ አዋጁ ራሱ (ቁጥር 760) የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለተወለደ ትልቅ ሰው በእጁ ያለው ወረቀት ብዙውን ጊዜ ለጉዞ ወይም ለውርስ ሲፈለግ፣ እሱ የተናገረው ወይም ምስክር የማለበት ዓመት ተጽፎ የወጣ ነው። ትምህርት ቤት የገቡበትን ዓመት የሚጠቅሱልኝም አሉ፤ ያኔ መግቢያው እጅን በራስ ላይ አሳልፎ ጆሮን መንካት ነበር፣ እጁ ረዘም ያለ ልጅ ቀድሞ ይገባል። ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ ዕድሜያቸውን ያስጨመሩትን ልጃገረዶች ፓስፖርት ነገ የልጅ ልጆቻቸው እንዴት እንደሚያነቡት እግዜር ይወቅ።

አሁን የቤተሰቡን የዘር ሐረግ ኮምፒውተር ላይ የሚያስገባው የአክስቴ ልጅ «1918 አካባቢ፣ ምናልባት 1922» ብለህ ምክንያቱንም ጻፍበት ብለው፣ ሳጥኑ ቁርጥ ያለ ቀን ካልሆነ አይቀበልም ይለኛል። ጥቅምት 12ን የመሰለ ቁርጥ ያለ ቀን እያለ የአጎቴን የተሳሳተ ዓመት መነሻ አድርጎ ለአያቴ 1908 ሰጥቷቸዋል፤ ቀናቸውንም ጃንዋሪ 1 አድርጎታል።