ማስተካከያ፦ ማይክል አንጄሎ ተንጋልሎ አልሳለም

ባለፈው ጽሑፌ ጣሊያናዊው ሠዓሊ ማይክል አንጄሎ የቫቲካኑን ሲስቲን ጸሎት ቤት ጣሪያ የሳለው ርብራብ ላይ በጀርባው ተንጋልሎ ነው ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። የሳለው ቆሞ ነው።

ማስረጃው የራሱ የእጅ ጽሑፍ ነው። በዚያው ሰሞን ለወዳጁ በጻፈው ግጥም፣ ጺሙ ወደ ሰማይ እንደዞረና ከብሩሹ የሚንጠባጠበው ቀለም ፊቱን ያጌጠ ወለል እንዳስመሰለው ያማርራል። ከግጥሙ ጎን ራሱን ጫር ጫር አድርጎ ስሏል፦ ቆሟል፣ አንገቱ ወደ ኋላ ተቀልሷል፣ አንድ እጁ ጣሪያው ላይ ደርሷል። በዚሁ ንድፍ ውስጥ ጣሪያው ላይ የሣላት ምስልም ቀልድ ናት፤ ፀጉሯ ቆሞ ሰው የምታስፈራራ ትመስላለች። ወረቀቱ ዛሬም ፍሎረንስ ውስጥ አለ።

ሌላም አለ። ከመሠዊያው ጀርባ ያለውን «የመጨረሻው ፍርድ» የተባለ የግድግዳ ሥዕል ከጣሪያው ጋር አንድ ላይ ቆጥሬ ሁሉም በ4 ዓመት አለቀ ብያለሁ። በ4 ዓመት ያለቀው ጣሪያው ብቻ ነው፤ ከ1508 እስከ 1512 እ.ኤ.አ.። የግድግዳው ሥዕል የተሠራው ከ1536 እስከ 1541 ነው። ያኔ ሰውዬው 60ን አልፏል። ስለዚህ «ሁለቱም የወጣትነት ሥራው ናቸው» ያልኩትም አብሮ ይሰረዝ። ጽሑፉን ለተማሪዎች አባዝታችሁ ከሆነ እነዚህን ቦታዎች አርሙልኝ።