«እስካሁን የት ነበርሽ?»

ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት አቋርጦ የቆየ ሰው እንደገና ለመጀመር ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ፣ መጀመሪያ የሚቀበለው ቃል የሕክምናውን ዕጣ ሊወስን እንደሚችል ባለፈው ክረምት በዓይኔ አየሁ። ከአቃቂ ባሻገር ከተሠሩት አዳዲስ መንደሮች በአንዱ የሚኖሩትን አክስቴን አጅቤ በአቅራቢያቸው ወዳለ ጤና ጣቢያ ሄድን፤ ለወራት ያቋረጡትን መድኃኒት ሊጀምሩ ነበር። ካርድ ክፍል ያገኘናት ሠራተኛ፣ ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እናቷ ሊሆኑ የሚችሉትን ሴት «እስካሁን የት ነበርሽ?» አለቻቸው። አክስቴ አንገታቸውን ደፉ። ከቀድሞው ሆስፒታል የዝውውር ወረቀት ካላመጡ ልትመዘግባቸው እንደማትችል ጨምራ ነገረቻቸውና ያን ቀን ባዶ እጃችንን ተመለስን። ስማቸውና ሰፈራቸው እንዳይገለጽ ተስማምተን ይህን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል።

ለጥያቄው መልስ ነበራቸው። መሀል ከተማ ሲኖሩ መድኃኒታቸውን ይወስዱ የነበረው ሆን ብለው ከሰፈራቸው ራቅ ካለ ሆስፒታል ነበር፤ ጎረቤት እንዳያውቅ መሆኑን ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ወደ ዳርቻው ሲዛወሩ መንገዱ ከጉልበታቸው ሕመም ጋር የማይቻል ሆነባቸው። የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ተሰጥቷቸው ስለነበር ለጊዜው አላሳሰባቸውም፤ ሲያልቅ ግን የቀጠሮው ቀን አለፈ። ቀጠሮ ያለፈበት ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ያፍራል፣ በወሩ ቁጣውን ይፈራል፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሰውነቱ ደህና ስለሆነ ነገሩን መርሳት ይጀምራል። ጸበል ገብተው የሚያቋርጡም አሉ፤ ይሁን እንጂ የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በ1999 ዓ.ም. በይፋ ስለተናገሩ፣ እንጦጦ የሚጠመቅ ምእመን ክኒኑን ይዞ ቢወጣ ጥፋት የለበትም።

እኔ ለንደን የምኖር ሲሆን በሆስፒታሎች ውስጥ በአማርኛ አስተርጓሚነት እሠራለሁ። ከታካሚዎች የሰማሁትን መናገር አልችልም፤ ስለ አሠራሩ ግን መመስከር እችላለሁ። በእንግሊዝ የኤችአይቪ ሕክምና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከጥቅምት 2012 ጀምሮ የመኖሪያ ፈቃድ ላለውም ለሌለውም በነፃ ይሰጣል። ታካሚው የማንንም ወረቀት ሳይዝ ወደ ኤችአይቪ ክሊኒክ ሄዶ መመዝገብ ይችላል፤ የቀድሞ መዝገቡን የሚያፈላልገው ክሊኒኩ ነው። አቋርጦ የመጣን ሰው ነርሷ መምጣቱን አመስግና ትቀበለዋለች፤ ከዚያም በሩን ዘግታ ለምን እንዳቋረጠ ትጠይቀዋለች። በመሠረቱ እዚህም የሚጠየቀው የት እንደነበረ ነው። ልዩነቱ በሩ መዘጋቱና፣ መልሱ ዳግም እንዳያቋርጥ መላ ለመፈለግ መዋሉ ነው።

በእርግጥ በእንግሊዝም ሁሉ ነገር የተሟላ አይደለም። ጥገኝነት ጠያቂዎች በድንገት ከከተማ ወደ ከተማ ሲዛወሩ መድኃኒታቸው ያልቅባቸዋል፤ ክሊኒክ መታየቱ የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳያችንን ያበላሽብናል ብለው የሚሸሹም አሉ። የሐበሻው ማኅበረሰብ ትንሽ ስለሆነ ታካሚው አስተርጓሚው እንዳያውቀው ይሰጋል፤ ስለዚህ ፊት ለፊት ከመገናኘት ይልቅ በስልክ የሚያስተረጉም ሰው እንዲመደብለት የሚጠይቀው ብዙ ነው። ዘመድ አስከትሎ የሚመጣም እምብዛም አይታይም። አክስቴ ግን «አንተም ግባ» ብለው እጄን ይዘው ነው የገቡት፤ ይህን ያህል የዘመድ ድጋፍ ባለበት አገር ሰው ደጃፍ ላይ መመለሱ ይበልጥ ያንገበግበኛል።

የቁጣው ምንጭ ክፋት ነው ብዬ አላምንም። መድኃኒቱ በአገራችን በነፃ መሰጠት በጀመረበት በ1997 ዓ.ም. በስፋት ይወሰዱ የነበሩት ኔቪራፒንና ኤፋቪሬንዝ፣ ታካሚው ሲያቋርጥ ከሌሎቹ ዘግይተው ከደም ስለሚወጡ፣ ቫይረሱ ብቻቸውን አግኝቶ ይለማመዳቸው፣ ማለትም እንዳያሸንፉት ሆኖ ይለወጥ ነበር። አንዴ ከተለማመዳቸው ደግሞ ታካሚው ወደ ሁለተኛ ደረጃ መድኃኒት መሻገር ነበረበት፤ ይህም እንደ ዛሬው ቀላል አልነበረም። በዚያ ዘመን የሠለጠነ ባለሙያ ያቋረጠውን ሰው የሚቆጣው በድንጋጤ ነበር፤ ቁጣውም ከአንዱ ወደ ሌላው ሲወራረስ እስከ ካርድ ክፍል ደረሰ። ዛሬ ግን አብዛኛው አዋቂ ታካሚ በቀን አንድ ጊዜ የሚወስደው ክኒን ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪርን አንድ ላይ የያዘ ሲሆን፣ ዶሉቴግራቪርን ቫይረሱ በቀላሉ አይለማመደውም። ስለሆነም ያቋረጠ ሰው ብዙውን ጊዜ ያንኑ መድኃኒት እንደገና መጀመር ይችላል።

ማቋረጥ አደገኛ መሆኑን አክስቴም አይክዱም። ቫይረሱ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በደም ውስጥ ይራባል፣ የሰውነት የመከላከል አቅም ይወርዳል፣ ወደ ሌላ ሰው የመተላለፍ ዕድሉም ይመለሳል። የጉበት ቫይረስ ቢ ላለበት ሰው ደግሞ ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን በድንገት ሲቆሙ ጉበቱ ሊታመም ይችላል። በዚህ ምክንያት ከጎረቤት ክኒን ተበድሮ በራስ ሥልጣን መጀመር አይገባም። የሳንባ ነቀርሳ ምልክት መኖሩ ይጠየቃል፣ ሲዲፎር የተባሉት በሽታ ተከላካይ የደም ሴሎች ቁጥር ይለካል፤ ከ200 በታች ከሆነም የማጅራት ገትር የሚያስከትለው ክሪፕቶኮከስ የተባለው ፈንገስ በደም ይመረመራል። ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የአንገት መገተር ወይም የአእምሮ መዛባት ያለበት ሰው ቀድሞ መመርመር አለበት፤ በዚህ ፈንገስ የመጣ የማጅራት ገትር ከተገኘበት ፀረ ኤችአይቪው ከ4 እስከ 6 ሳምንት እንዲዘገይ ይደረጋል፣ ቸኩሎ መጀመሩ ለሞት ሊያበቃ ይችላልና። ይህ ሁሉ የሚታወቀው ታካሚው ወደ ውስጥ ሲገባ ነው። ወረቀት አምጪ ተብሎ ከደጃፍ የተመለሰ ሰው ራሱን ያመው እንደሆነ ማን ይጠይቀዋል? የዝውውር ወረቀቱ ታካሚው ሁለት ቦታ እንዳይመዘገብና የቀድሞ መድኃኒቱ እንዲታወቅ እንደሚጠቅም አልክድም፤ ይህን ግን ወደ ሆስፒታሉ ስልክ ደውሎ ማጣራት ይቻላል።

ወረቀቱን ፍለጋ ከተማውን አቋርጠን ስንሄድ ሌላ ነገር ተረዳሁ። አክስቴ ቀጠሮ ባሳለፉ ቁጥር ትደውልላቸው የነበረችው የክትትል ሠራተኛ ከሥራ ወጥታለች። የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን በጥር 2017 ዓ.ም. ሲያግድ በዚያ ገንዘብ ይቀጠሩ የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋርጧል። የጠፉ ታካሚዎችን እየደወሉ የሚመልሱት ሠራተኞች ብዙዎቹ ራሳቸው ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ፣ አፋርነቱንም ፍርሃቱንም በሕይወታቸው የሚያውቁ ናቸው። የሚደውል በሌለበት ጊዜ በገዛ እግሩ የመጣን ሰው መመለስ እጥፍ ጥፋት ነው።

ወረቀቱን ይዘን ስንመለስ ወደ ውስጥ ክፍል ያስገባቻቸው ነርስ በሩን ዘግታ «እማማ፣ ምን አስቸገረዎት?» ብላ ጠየቀቻቸው፤ አክስቴም የመንገዱን፣ የጎረቤቱን፣ የጉልበታቸውን ሁሉ ዘርዝረው ነገሯት። ከውጭ የሚላክላቸው ቫይታሚን እንዳለም ጠየቀች፤ ካልሲየምና ብረት ያለበት እንክብል ወደ ደም የሚገባውን የዶሉቴግራቪር መጠን ስለሚቀንስ፣ ክኒኑ ከቫይታሚኑ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ እንዲወሰድ፣ አለበለዚያም ሁለቱ ከምግብ ጋር አብረው እንዲወሰዱ አስረዳቻቸው። ለዘመድ ቫይታሚን የምትልኩ ወገኖቼ ይህን ልብ በሉልኝ። በዚያው ዕለት መድኃኒቱን ይዘው ወጡ፤ የቫይረሱን መጠን የሚያሳየው ምርመራ ከሦስት ወር በኋላ ይደረግላቸዋል። ያቺ ነርስ በመጀመሪያውም ቀን ከካርድ ክፍሉ ጥቂት እርምጃ ርቃ ተቀምጣ ነበር። የጤና ጣቢያ ኃላፊዎችን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ መድኃኒት አቋርጦ የመጣ ሰው በካርድ ክፍል ምንም ሳይጠየቅ በቀጥታ ወደ እርሷ ክፍል ይላክ፣ ወረቀቱም ከዚያ በኋላ ይፈለግ።