ክብር ለባለ ኮድ 2

ለአዲስ አበባ መንገድ ከማንም በላይ የለፋ ማን ነው ብትሉኝ መልሴ ዝግጁ ነው። ባለ ኮድ 2 ወንድማችን። በየማለዳው ባለ አምስት ወንበር መኪናውን አስነስቶ፣ በአራቱ ላይ አየር ጭኖ፣ ከሲኤምሲ ወደ ሜክሲኮ የሚዘምተው። እስካሁን ማንም አላመሰገነውም። ሐውልቱ ይቅርና አንዲት ሰርተፍኬት እንኳ አልተሰጠውም፤ ስብሰባ ላይ ለተኛ ሁሉ ሰርተፍኬት በሚታደልበት ከተማ!

ትዕግሥቱን ማየት የፈለገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መገናኛ ይቁም። ፊቱ ያለው መኪና ሦስት ሜትር ሲሄድ እሱም ሦስት ሜትር ይሄዳል። ይቆማል። ስልኩን ይጎረጉራል። ክላክስ ያደርጋል፤ ለማን እንደሆነ እሱም አያውቅም። አጠገቡ አንበሳ አውቶቡስ ቆሟል። ውስጡ ሰው በሰው ነው። ጉንጩ መስታወት ላይ የተለጠፈ ተማሪ ቁልቁል ያየዋል። ወንድማችን ቀና አይልም፤ መስኮቱን ይዘጋል። ከጎኑ ያለው ወንበር ላይ የላፕቶፕ ቦርሳው ተቀምጧል። ቦርሳው ከበድ ስለሚል መኪናው ሰው መስሎት «ቀበቶ እሰር» እያለ ጢጥ ጢጥ ይላል። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ለቦርሳው ቀበቶ አሰረለት። በዚያ ሰዓት መገናኛ ላይ እንደዚያ ቦርሳ ደልቶት የሚሄድ ዜጋ የለም።

አንድ አውቶቡስ የሚይዘውን ቦታ ሁለት ሦስት የቤት መኪና ይይዘዋል። አውቶቡሱ ውስጥ ከ60 በላይ ሰው አለ። በሦስቱ መኪኖች ውስጥ ሦስት ሰው አለ፣ ከነቦርሳቸው። አውቶቡሱ ከዚያ ነቅሎ መውጣት ሲያቅተው ወንድማችን ራሱን እየነቀነቀ ያዝናል። «አያችሁት? የሕዝብ ትራንስፖርት እኮ አይታመንም!» ይላል። እውነቱን ነው። መንገዱን ማን እንደዘጋበት ዞር ብሎ አያይም እንጂ። መሪ ይዞ መዞርም አደገኛ ነው።

ሊያባብሉት ያልሞከሩ አይምሰላችሁ። በ2008 ዓ.ም. ባቡር መጣለት፤ ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ፣ ወደ 34 ኪሎ ሜትር የሚሆን ሐዲድ። በዚያው በሱ መንገድ መሀል ለመሀል ነው የተዘረጋለት። አንድም ቀን አልተሳፈረም። ከገቡት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ መለዋወጫ አጥተው ሲቆሙ ግን ከማንም በላይ የተናገረው እሱ ነው። «ብዬ ነበር እኮ!»

ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ተነሳበት። ማደያ ተሰለፈ እንጂ አውቶቡስ አልተሰለፈም። በ2016 በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። እሱ ምን ቸገረው፣ ኤሌክትሪክ ገዛ። አሁን ጭስ የለው፣ ድምፅ የለው፤ መንገዱን በጸጥታ ይዘጋል። «ለአየር ንብረቱ አስቤ ነው» ይላል፣ ቦሌ ላይ ባለበት ቆሞ። በኮሪደር ልማቱ መንገዱ ሲሰፋም የተጨመረችው ረድፍ ባዶዋን እንዳትቀር ፈጥኖ ገባባት።

ስፖርትም ይወዳል። በ2011 «መንገድ ለሰው» ተብሎ በአንዳንድ እሑዶች የተወሰኑ መንገዶች ለመኪና ሲዘጉ ደስ ካላቸው አንዱ ነው። ቱታውን ለብሶ ይወጣል። መንገዱ እስከተዘጋበት ጥግ ድረስ ነድቶ ሁለተኛ ረድፍ ላይ ያቆምና አራቱን ፍሬቻ አብርቶ በእግሩ ሊንሸራሸር ይወርዳል። ከኋላው የታፈነው ታክሲ ሲጮህ «ዛሬ እንኳ ሰው በሰላም አይራመድም!» ብሎ ይቆጣል።

ሰው ወዳድነቱን ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ጎረቤቱ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሟል። አንድ ብሎክ ላይ ነው የሚኖሩት፣ ቢሯቸውም ሜክሲኮ ፊት ለፊት ነው። ወንድማችን ከሩቅ ሲያየው ሬዲዮው ድንገት መስተካከል ያምረዋል። ጎንበስ ብሎ ቁልፉን ሲያዞር ሰልፉን ያልፋል። ማታ ደረጃ ላይ ሲገናኙ፣ «ውይ! ቆመህ ነበር እንዴ? እጅህን ብታወጣ ምን ነበረበት!»

ቢሮ ሲያረፍድ «መንገዱ ዝግ ነበር» ይላል። አለቃው ይረዳዋል። አለቃውም በዚያው መንገድ ነው የመጣው፣ ብቻውን። ጸሐፊዋ «አውቶቡስ አጣሁ» ስትል ግን «በጊዜ አትነሺም?» ትባላለች። ሌሊት 11 ሰዓት ነው የተነሳችው።

በእርግጥ አይፈረድበትም። መኪና እያለው አውቶቡስ ውስጥ ቢታይ ዘመድ አዝማድ ይደዋወላል። «ሸጣት እንዴ?» «ምነው፣ ሰላም ነው?» አክስቱ ስለት ትሳላለች። ሊያገባ ያሰበ ከሆነማ አማቶቹም ነገሩን ደግመው ያዩታል። ሰው ደግሞ በይሉኝታ ነው የሚኖረው። ሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ቆሞ መዋል ጤና ይጎዳል እንጂ ስም አያጠፋም።

አንድ ጊዜ ግን መኪናዋ ጋራዥ ገባች። ራይድ ቢጠራ ቢጠራ የሚመጣ ጠፋ፤ የተጠራውም እዚያው መንገድ ላይ ተገትሯል። ቢጨንቀው ሸገር ባስ ላይ ወጣ። የዚያን ቀን ምሳ ላይ ሌላ ወሬ አልነበረም። ከግንባር የተመለሰ ነው የሚመስለው። «ቆሜ ነው የሄድኩት እኮ! እስከ ሜክሲኮ! አንድ ሰው እንኳ ተነስቶ ቦታ አልሰጠኝም!» ሁሉም «አይዞህ» አለው። ሻይ ተገዛለት። ጸሐፊዋ ብቻ ጠየቀችው።

«ግን ስንት ሰዓት ፈጀብህ?»

ሻይውን አማሰለ። አሰበ።

«ያው ነው» አለ።

በማግስቱ ከጋራዥ ተደወለ፤ መኪናዋ ተሠርታለች። ሊያመጣት የሄደው በራይድ ነው።