ጅማ ዋንጫ በልታለች፤ ክለብ ግን ገና አልገነባችም

የእግር ኳስ ዝውውር መስኮት በተከፈተ ቁጥር ጅማ ውስጥ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው። ማንን እናስፈርም? ቡና ቤት ብትገባ እሱ ነው፣ ባጃጅ ብትሳፈር እሱ ነው። እኔ ግን ከዚህ በፊት መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ እላለሁ። ክለባችን ጅማ አባ ጅፋር የማነው?

2010 ዓ.ም. ለኛ ለጅማ ልጆች የማይረሳ ዓመት ነው። ክለቡ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ያደገው በ2009 ነበር። ጅማ ከተማ የሚለውን ስም ትቶ፣ ጅሬን ላይ ቤተ መንግሥቱ እስከዛሬ የቆመውን የንጉሡን ስም ይዞ ጅማ አባ ጅፋር ሆነ። አዲስ ያደገ ቡድን በመጀመሪያ ዓመቱ ካልወረደ ተመስገን ይባልለታል። የኛ ቡድን ግን ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር እስከ መጨረሻው ቀን ተናንቆ፣ በነጥብ እኩል ሆኖ ጨርሶ፣ በግብ ክፍያ በልጦ ዋንጫውን ወሰደ። ያውም ጊዮርጊስ አራት ዓመት በተከታታይ ሲበላው የነበረውን ዋንጫ! ፕሪሚየር ሊጉ በ1990 ከተጀመረ ጀምሮ ከአዲስ አበባ ውጪ ዋንጫ ያነሳ ክለብ እስከዚያ ድረስ ሀዋሳ ብቻ ነበር። አሰልጣኙ ገብረመድህን ኃይሌ ነበር። ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ 23 ጎል አግብቶ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። በኦሮምኛም በአማርኛም የሚዘፍነው ደጋፊ አንድ ላይ ሲጨፍር ያየ ሰው ይህ ክለብ ለዚህች ከተማ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም።

ከዚያስ? አሰልጣኙ ወደ መቐለ 70 እንደርታ ሄደ፤ በቀጣዩ ዓመት እዚያም ዋንጫ አነሳ። ኦኪኪም ሄደ። በ2011 በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የግብፁ አል አህሊ ደረሰን፤ ግብፅ ላይ 2 ለ 0 ተሸንፈን በመልሱ 1 ለ 0 አሸነፍናቸው። በድምር ውጤት ወደቅን እንጂ አል አህሊን ማሸነፍ ቀላል ነገር አይደለም። የሚቆጨኝ ያንን ጨዋታ የጅማ ሰው በገዛ ከተማው አለማየቱ ነው። በ2014 ደግሞ ወረድን። ከዋንጫው እስከ መውረዱ አራት ዓመት ብቻ።

ብዙ ሰው ዳኛ ይላል፣ ዕድል ይላል፣ እከሌ የሚባል ኃላፊ ይላል። እኔ አልስማማም። ያ ቡድን ሲሠራ ጀምሮ የአንድ ዓመት ቡድን ነበር። ተጫዋቹ ከሌላ ቦታ ይመጣል፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ይፈርማል፣ ውሉ ሲያልቅ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ገንዘቡ በአብዛኛው ከመንግሥት በጀት ነው። በጀት ሲዘገይ ደሞዝ ይዘገያል፣ ደሞዝ ሲዘገይ ልምምድ ይቆማል፣ ከዚያ በኋላ አሰልጣኙ ማንም ቢሆን ምንም አያመጣም። ይሄ የኛ ብቻ ችግር አይደለም፤ የአገሪቱ ክለቦች አብዛኞቹ በዚሁ መንገድ ነው የሚኖሩት። ልዩነቱ እኛ ከላይ መውደቃችን ነው።

«ገንዘብ ይምጣና ሁሉም ይስተካከላል» የሚሉ አሉ። ምሳሌያቸው ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ነው፤ ባደገበት ዓመት በ2016 ዋንጫውን በላ። እውነት ነው፣ ግን እሱ ከጀርባው ባንክ አለው። ጅማ ከጀርባዋ ያላት ሕዝብ ነው። ያንን ሕዝብ ደግሞ እስከዛሬ ትኬት እንዲገዛና እንዲጮህ እንጂ እንዲወስን የጠየቀው የለም።

ክረምት ላይ የሰፈር ውድድር ሲኖር ሄዳችሁ እዩ። የጅማ ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ሜዳው ጭቃ ብቻ ነው። ጎሉ ሁለት የባሕር ዛፍ እንጨት ነው። አንዱ ልጅ፣ አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ነጭ ካናቴራው ጀርባ ላይ በማርከር 9 ጽፎበታል፤ ቀለሙ በዝናቡ እየፈሰሰ ወገቡ ደርሷል። ኳሷ ጭቃው ውስጥ ተቀርቅራ ስትቆም ሌሎቹ አልፈዋት ይንሸራተታሉ፣ እሱ ግን በእግሩ ጫፍ ቀስ አድርጎ ያነሳትና ዞሮ ይሄዳል። ይሄን ልጅ ማን ያየዋል? ክለቡ ለአንድ አጥቂ ዝውውር ከሚያወጣው ገንዘብ ጥቂቱን እንኳ ለሄርማታ፣ ለጅሬን፣ ለቦሳ ልጆች ቢያውለው፣ ኳስ ቢገዛ፣ አንድ ቋሚ አሰልጣኝ ቢቀጥር፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው።

ደግሞ ለስሜት ብቻ አይደለም የምለው። በፊፋ ደንብ አንድ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር በገንዘብ ሲዘዋወር ከክፍያው እስከ 5 በመቶው ከ12 ዓመቱ ጀምሮ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ልጁን መዝግበህ ካላሳደግከው ግን አንድ ብር አታገኝም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለከተማ አስተዳደሩም ለደጋፊ ማኅበሩም አንድ ነው። ክለቡን በአባላት የሚመራ አድርጉት። አባሉ በየወሩ አቅሙ የቻለውን ይክፈል፤ ጅማ ያለውም፣ አዲስ አበባ ያለውም፣ ውጭ አገር ያለውም። ቦርዱን በጠቅላላ ጉባኤ ይምረጥ። ሒሳቡ በውጭ ኦዲተር ይመርመርና ማንም እንዲያየው ይለጠፍ። አስተዳደሩ ድጋፉን አያቁም፤ ዝም ብሎ ግን ብቸኛ ባለቤት አይሁን። በዚህች ከተማ ቡና የሚነግዱ ስንት ሀብታሞች አሉ! ገንዘባቸው የት እንደሚገባ ካወቁ ማልያው ላይ ስማቸውን ለማጻፍ ወደኋላ የሚሉ አይመስለኝም።

አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ታች መቆየት ካስፈለገ እንቆይ። ግማሹ ቡድን የጅማ ልጅ ሆኖ ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ባለው ከፍተኛ ሊግ ላይ ቢጫወት፣ እኔ በበኩሌ ዝናብ እየመታኝም ቢሆን ትኬቴን ቆርጬ እገባለሁ።