አጋም በዶላር

በምኖርበት በደቡብ ካሊፎርኒያ፣ ከተከራየሁበት ግቢ ጀምሮ እስከ ገበያ አዳራሹ የመኪና ማቆሚያ ድረስ አጥር ሆኖ የተተከለው የአጋም የቅርብ ዘመድ ነው። ቅጠሉ ክረምት ከበጋ አይረግፍም፤ እሾሁ ጫፉ ላይ መንታ ነው፤ ሲቀነጥሱት ነጭ ወተት ያወጣል፤ የነጭ አበባው መዓዛ በተለይ ማታ መንገዱን ያውደዋል። ፍሬው ግን እንደ እኛው ጥቁርና ትንሽ ሳይሆን ቀይና ተለቅ ያለ ነው። የትውልድ አገሩ የደቡብ አፍሪካ ጠረፍ ሲሆን፣ ዴቪድ ፌርቻይልድ የተባለ አሜሪካዊ የዕፀዋት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1903፣ ማለትም ባቡር ድሬዳዋ በገባ በዓመቱ፣ ዘሩን ከደርባን ወደ አሜሪካ በብዛት ወስዷል።

የሚያንገበግበኝ የፍሬው ነገር ነው። በስሎ ይረግፋል፣ አስፋልት ላይ ይረገጣል፣ ከዚያም ከቆሻሻ ጋር ተጠርጎ ይጣላል። ከአጥሩ ለቅሜ ስበላ ያየች ጎረቤቴ ክው ብላ ቀረች፤ ብዙም ሳይቆይ የግቢው አስተዳደር ተክሉ ለጌጥ ብቻ እንደሆነና ማንም ፍሬውን እንዳይነካ የሚያሳስብ ደብዳቤ በየበራችን ለጠፈ። እርግጥ ቅጠሉም ግንዱም ያልበሰለው ፍሬም መርዝነት አላቸው፤ የበሰለው ግን ይበላል፣ ጥሩ ማርማላታም ይወጣዋል። ይህን ለማስረዳት ቢሮ ድረስ ሄጄ ሰሚ አላገኘሁም። በሐረር ተራሮች ፍየል ሲጠብቅ ያደገ ልጅ የበሰለውን አጋም ካልበሰለው ለመለየት ደብዳቤ አላስፈለገውም። የሚገርመው፣ እንዳይበላ የተከለከለው ተክል ችግኙ በዶላር ይሸጣል።

በአገር ቤት ደግሞ ሌላ ብስጭት ጠበቀኝ። ከጥንታዊው የሐረር ቅጥር ከጁገል ውጭ ያለው የአክስቴ ግቢ አጥር የነበረው አጋም ከነሥሩ ተነቅሎ፣ በቦታው ጠርሙስ የተሰካበት የብሎኬት ግንብ ቆሟል። ፍሬውን ስንበላ አድገን ተክሉን ግን የምናነሣው «ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» ለማለት ብቻ ይመስለኛል። ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ ያገኘሁትን ችግኝ ሻጭ የአጋም ችግኝ እንዳለው ብጠይቀው፣ ሽበቴን ከቁብ ሳይቆጥር በድሬ ወግ «አንተ» ብሎኝ፣ «አቦ፣ አጋም በብር ይገዛል እንዴ? ተራራ ውጣና ንቀል!» አለኝ፤ ቀጥሎም ቡገንቪል ሊሸጥልኝ ተከራከረ። ቡገንቪልም እኮ እሾህ አለው፤ የሚበላ ፍሬ ግን የለውም።

ከተራራ የተነቀለ ቁጥቋጦ በቀላሉ ስለማይጸድቅ፣ ከበሰለ ፍሬ ዘሩን አጥቤ በአሮጌ የዘይት ጀሪካን ዘራሁት። መጀመሪያ ላይ እድገቱ ያታክታል፤ ሥር እስኪሰድም ውኃ ይፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ድርቁን ይችለዋል፣ በተከረከመ ቁጥርም ይደድራል። አክስቴ ችግኙን ለመንከባከብ የተስማሙት ከብዙ ልመና በኋላ ሲሆን፣ እሱም ከግንቡ ውጭ እንዲተከል ነው፤ ግቢ ውስጥ ከሆነ የልጅ ልጆቻቸውን ኳስ ይበሳል አሉኝ።