የታለ ፎቶዬ?

በጀርመን ሰዓት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ከጎንደር ነው። የወንድሜ ልጅ። በዚህ ሰዓት ከአገር ቤት የሚደወል ስልክ ምን ይዞ እንደሚመጣ ስደት ላይ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። አክስቴ አርፋለች። አባቴ ቀድሞ ስለሞተ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እቴቴ ነው የምንላት። ሰፈሩም እቴቴ ነው የሚላት።

ልጁ አልቅሶ ሲወጣለት ያለኝን እስካሁን አልረሳሁትም። "ጋሼ፣ የእቴቴ ፎቶ አለዎ? ቀብሩ ነገ 6 ሰዓት ነው። ከአስከሬኑ ፊት የሚያዝ ፎቶ አጣን።"

እንዴት ይታጣል? እዚያ ቤት ውስጥ ስምንት ስልክ አለ። ለፋሲካ፣ ለክርስትና፣ ለሠርግ ሲነሱ በዓይኔ አይቻለሁ። ኋላ እንደሰማሁት የአንዱ ስልክ ተሰርቋል። አንዷ ስልክ ስትቀይር ሁሉም ጠፍቶባታል። ሦስተኛው ያስቀረው ፎቶ ላይ እቴቴ ከኋላ እንጀራ እየጋገረች ነው፤ ፊቷን ጭሱ ሸፍኖታል። ዞሮ ዞሮ እጃቸው ላይ የነበረው የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ያለው ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው። ማኅተሙ ግማሽ ፊቷ ላይ አርፏል።

እኔ ግን ፎቶዋ ነበረኝ። ጥሩ ፎቶ። ባለፈው ጥር ለጥምቀት ሄጄ ያነሳኋት። ታጥቦ፣ ታትሞ፣ ፖስታ ውስጥ ገብቶ ስቱትጋርት ያለው ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። አሥር ወር ሙሉ። እልካለሁ፣ ሰው ሲሄድ እልካለሁ እያልኩ።

ስለ ካሜራው ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ ከሱ ጋር የተያያዘ ነው። ኮንታክስ ቲ2 ይባላል። የፊልም ካሜራ ነው፤ በፈረንጆቹ 1990 የወጣ (እዚህ የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)። ኮንታክስ የሚለው ስም የጀርመን ነው፤ በ1932 ድሬስደን ላይ ነው የጀመረው። ቲ2ን የሠራው ግን ኪዮሴራ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ ነው። ሌንሱ የካርል ዛይስ ነው፤ 38 ሚሊሜትር፣ እስከ 2.8 የሚከፈት (ይህ ቁጥር ባነሰ መጠን ሌንሱ ብዙ ብርሃን ያስገባል)። ገላው ታይታኒየም ነው። ክብደቱ 300 ግራም አይሞላም። ኮቴ ኪስ ውስጥ ይገባል። በክረምት ስይዘው መጀመሪያ ጣቴን ያቀዘቅዘዋል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ከእጄ ጋር ይሞቃል።

ኪዮሴራ የካሜራ ሥራውን እንደሚያቆም በ2005 አስታወቀ። ስለዚህ አዲስ የሚባል የለም። ሲበላሽ መለዋወጫው የሚነቀለው ከሌላ ከሞተ ካሜራ ነው። እኔ የገዛሁት ከአንድ የጀርመን ሽማግሌ ነው፤ ያኔ የከፈልኩት የወር የቤት ኪራዬን አይሞላም ነበር። ዛሬ ዋጋው በጣም ወጥቷል።

ስልክህ አይበቃም ወይ የሚሉኝ ብዙ ናቸው። አይበቃም። በስልክ አርባ ፎቶ አነሳለሁ፤ አንዱንም ተመልሼ አላየውም። በዚህ ካሜራ ግን አንድ ፊልም 36 ፎቶ ነው። ፊልሙ ራሱ 10 ዩሮ ገደማ ነው፤ ማሳጠቢያው ሌላ። ስለዚህ ዝም ብዬ አልተኩስም። ጠዋት አውቶቡስ ስጠብቅ አንድ። ጎረቤቴ በረዶ ስትጠርግ አንድ። ቡና አፍልተን አበሻ ሲሰበሰብ ሁለት። አንዱ ፊልም አንድ ወር ይቆየኛል። ከጀርባው የሚታይ ነገር ስለሌለ አንስቼ ስጨርስ ዓይኔ ከሰውየው ላይ አይነሳም። ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ጀርመን ውስጥ ፊልም ማሳጠብ እስካሁን ቀላል ነው። ሳሙናና ሻምፑ የሚሸጥበት መደብር ትገባላችሁ። ጥግ ላይ የወረቀት ፖስታ አለ። ስም ትጽፋላችሁ፣ ፊልሙን ትከታላችሁ፣ ሳጥን ውስጥ ትጥላላችሁ። ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ የታጠበው ፊልም (ኔጋቲቩ) እና የታተሙት ፎቶዎች በስማችሁ መደርደሪያ ላይ ይጠብቋችኋል። ማንም አያየውም፣ ማንም አይነካውም። በዚህ ሁልጊዜ እደነቃለሁ።

የሚከብደው ሰው ማንሳት ነው። አንድ ቀን ትራም ውስጥ የመስኮቱ ብርሃን አጓጓኝና አነሳሁ። አንድ ሰውዬ ከጥግ ተነስቶ መጣ። "ደምስሰው!" አለኝ። ፊልም ነው፣ አይደመሰስም ብዬ አስረዳሁት። አላመነኝም። ካሜራውን ገልብጬ ጀርባውን አሳየሁት። የሚቀጥለው ፌርማታ ላይ እስኪወርድ ድረስ በቁጣ ሲያየኝ ነበር። ያን ቀን በጣም ተናደድኩ።

ኋላ ግን ሕጉን ሳነብ ነገሩ ገባኝ። ጀርመን ውስጥ የአንድ ሰው መልክ የራሱ ነው። ከተወሰኑ ሁኔታዎች በስተቀር ያለ ፈቃዱ ፎቶውን ማሰራጨት ወይም ለሕዝብ ማሳየት አይቻልም። ሕጉ የወጣው በ1907 ነው። መነሻው ደግሞ ለቅሶ ቤት ነው። በ1898 የቀድሞው የጀርመን መራሔ መንግሥት ቢስማርክ ሲሞት ሁለት ፎቶ አንሺዎች ሌሊት ሾልከው ገብተው አስከሬኑን አልጋው ላይ አነሱት። ሊሸጡት ነበር። አገሩ ተቆጣ፣ ሰዎቹም ተፈረደባቸው። ሕጉ ስለሞተ ሰው እንኳ ይናገራል፤ ከሞተ በኋላ እስከ 10 ዓመት ፈቃድ የሚሰጠው ቤተሰቡ ነው። ይህን ሳነብ ትራም ውስጥ የተቆጣኝን ሰውዬ ይቅር አልኩት።

አሁን ደግሞ ወደ ጎንደር ኑ።

በዚያው በጥር ከፒያሳ ወደ ጃንተከል ስወርድ ካሜራውን ገና ከኪሴ ሳወጣው "አንሳኝ!" ይሉኛል። አንዱን ሳነሳ አምስቱ ይሰለፋሉ። ልብሳቸውን ያስተካክላሉ፣ እጃቸውን ወደ ጎን ዘርግተው ቀጥ ይላሉ፣ ሳቃቸውን ዋጥ ያደርጉታል። ፎቶ መነሳት ቁም ነገር ነው። ካነሳሁ በኋላ ግን ወዲያው ጥያቄ አለ። "የታለ? አሳየኝ።" ካሜራውን ገልብጬ ጀርባውን አሳያለሁ። ባዶ። አንዲት ትንሽ ልጅ በጣቷ ጀርባውን መታ መታ አድርጋ "ተበላሽቷል" አለችኝ። ትልልቆቹ ግን ወዲያው ገባቸው። "እንደ ድሮው ነው! ይታጠባል!" አሉ። ከዚያ ደግሞ የማይቀረው መጣ። "መቼ ትሰጠናለህ?"

ጀርመኑ ደምስሰው ይላል። ጎንደሬው ስጠኝ ይላል። ካሜራዬ ሁለቱንም እዚያው ማድረግ አይችልም። ግን የጎንደሩ ጥያቄ ዕዳ ነው። ቀላል ዕዳ አይደለም። እቴቴ ቤት ሳጥን ውስጥ ያሉትን የድሮ ፎቶዎች ገልብጣችሁ ጀርባቸውን ብታዩ የፎቶ ቤቱ ማኅተም አለ፤ ከሥሩ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት "ለውድ እህቴ ለማስታወሻ እንዲሆንሽ" ይላል። ፎቶ የሚነሳው ለመስጠት ነበር። ፎቶ የተነሳ ሰው ቢያንስ ሦስት አሳትሞ ያድላል። የተሰጠ ፎቶ ደግሞ አይጣልም፤ መስታወት ውስጥ ገብቶ ከቅዱሳን ሥዕል አጠገብ ይሰቀላል።

እኔ ምን አደረግኩ? አንስቼ ይዤ ጠፋሁ። አንዲት ጎረቤታችን ፊት ለፊት ነግረውኝ ነበር። "አንተም እንደ ፈረንጆቹ ልትሆን ነው፤ አንስተህ አንስተህ ወስደህ ልትቀር።" "አይ እማማ፣ እልካለሁ" አልኳቸው። እልካለሁ!

እዚያው ጎንደር ላሳጥበው ሞክሬ ነበር። ሦስት ፎቶ ቤት ገባሁ። ሦስቱም ፊልም ማጠብ ካቆሙ ቆይተዋል። አንዱ ባለቤት ካሜራውን ተቀብለው ወደ ጆሯቸው አስጠጉትና "እስቲ አንዴ ተኩሰው" አሉኝ። ሞተሩ ፊልሙን ሲጎትት ሰምተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ስንት ዓመት በጨለማ ክፍል ውስጥ በቀይ መብራት እንደሠሩ ነገሩኝ። መድኃኒቱ መምጣት አቆመ፣ ማሽኑ ተሸጠ፣ አሁን ከስልክ በቴሌግራም የሚላክላቸውን ያትማሉ። ታዲያ ሰው ብዙ ያሳትማል ወይ አልኳቸው። "ለመታወቂያና ለለቅሶ" አሉኝ። ያኔ በደንብ አልሰማኋቸውም።

ስለ ጥምቀቱ ብዙ መጻፍ እችላለሁ። ከከተራ ጀምሮ፣ ከቀሃ ወንዝ ተጠልፎ የሚሞላውን የፋሲል ጥምቀተ ባሕር፣ ጎህ ሲቀድ ውሃው ዙሪያ ያለውን ሕዝብ አነሳሁ። ደብረ ብርሃን ሥላሴም ገባሁ። ውስጡ ጨለም ይላል፤ ፍላሽ ደግሞ አይፈቀድም። ሌንሱ እስከ 2.8 ስለሚከፈት ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች ትንፋሼን ይዤ አነሳኋቸው። ግን ከነዚህ ሁለት ፊልም ሙሉ ተበላሽቶብኛል፤ ስለሱ ሳልናገር አላልፍም። ስመለስ አንድ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ፈታሹን ለመንኩት። ፊልም ነው፣ በእጅ ፈትሽልኝ አልኩት። አዲሶቹ ሲቲ የሚባሉት የሻንጣ መፈተሻዎች ጨረራቸው ኃይለኛ ነው፤ ያልታጠበ ፊልም ያጠቁራሉ። ፊልም የሚሠራው ኮዳክ ራሱ በእጅ ይፈተሽ ይላል። ሰውየው ቀና ብሎም አላየኝም። "ሁሉም በማሽን ያልፋል" አለና ገፋው። ሲታጠቡ ሁለቱ ፊልሞች አመድ የነሰነሱባቸው መስለው ወጡ። የጥምቀት ነጭ ልብስ ሁሉ ግራጫ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር! እስካሁን ያንገበግበኛል።

የእቴቴ ፊልም ግን ተረፈ። ካሜራው ውስጥ ነበር፤ ካሜራው ደግሞ ኮቴ ኪስ ውስጥ ረስቼው በሌላ መስመር አልፏል። ያነሳኋት ቀሃ ኢየሱስ አጠገብ ባለው ቤታችን ነው። ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ነጠላዋን ሳታወልቅ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። "ቆይ ልነሳልህ፣ እንዲህ ተቀምጬ አይሆንም" አለችኝ። "እንደዚያው ሁኚ እቴቴ" አልኳት። አንድ ጊዜ ብቻ ተኮስኩ። "የታለ?" አለች። "ሲታጠብ።" "እንግዲያውስ ሳልሞት አሳየኝ፣ ሆዴ" አለችኝ። ሰው እንዲሁ የሚለው ነገር ነው ብዬ አለፍኩት።

ያን ሌሊት መሳቢያውን ከፍቼ ፖስታውን አወጣሁ። ፎቶውን ጠረጴዛው መብራት ሥር አድርጌ በስልክ አነሳሁትና ላክሁ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በጠዋት ፎቶ ቤት ሄደው አሳደጉት። የቀብሩን ቪዲዮ ሲልኩልኝ አየሁት። የወንድሜ ልጅ ደረቱ ላይ ይዞታል። የጠረጴዛዬ መብራት ጉንጯ ላይ ነጭ ነጥብ ሆኖ ወጥቷል። ያ ነጥብ የኔ ነው። በጊዜው ወረቀቱን ልኬ ቢሆን ኖሮ አይኖርም ነበር።

አርባዋ ከጥምቀት ሳምንት ጋር ገጠመ። ከኔጋቲቩ በትልቁ አሳትሜ፣ መስታወት አስገብቼ ይዤ ሄድኩ። በዚያ ላይ የሌሎቹንም ሁሉ ይዤ ነበር። 61 ወረቀት። ሦስት ቀን ሙሉ በየቤቱ ስዞር ከረምኩ። "ልትቀር ነው" ያሉኝ ጎረቤት የራሳቸውን ሲያዩ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ከዚያ ገልብጠው ጀርባውን አዩትና መለሱልኝ። "ጻፍበት እንጂ" አሉኝ። እስክሪብቶ ከልጅ ልጃቸው ቦርሳ ተፈልጎ መጣ። ስሜን፣ ቀኑን፣ ጎንደር ብዬ ጻፍኩላቸው።

ሁሉም ደረሰ ማለት ግን አልችልም። ጃንተከል ዋርካ ሥር ጫማ የሚጠርግ አንድ ልጅ ነበር። ሳነሳው ሳጥኑን ታቅፎ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ "ለእናቴ ነው የምልከው" ብሎኝ ነበር። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ጓደኞቹ አዲስ አበባ ሄዷል አሉኝ፤ አንዱ ደግሞ መተማ ነው አለ። ለአንዳቸው ትቼላቸው ልሄድ ፈለግሁና መልሼ ያዝኩት። ኪሴ ውስጥ ከካሜራው ጋር ነው ያለው። ጠርዙ መታጠፍ ጀምሯል።